ሳትፈርም ቆይ

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ የጎረቤቴ ልጅ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ወረቀቱን ያቀበለኝ በግራው ነው። እናቱ ተከትለውት ገቡ። ቁጭ እንኳ ሳይሉ፣ «አንተ ሕግ ታውቃለህና እስቲ እየው። ነገ ፈርመህ ላክ ብለውታል» አሉኝ።

ጠበቃ ነኝ። የምይዘው በአብዛኛው የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር ነው። ማሽን ጣቱን የቆረጠው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከፎቅ የወደቀ ግንበኛ፣ ደሞዙን የተከለከለ ሾፌር ቢሮዬን ያውቁታል። መርከበኛ ግን መጥቶብኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ ማታ ወዲህ ጉዳዩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ስምምነቶችና የቆዩ ፍርዶች ሳነብ የማመሽ ሰው ሆንኩ። ይህን የምጽፈው ልጆቻችን እየተሳፈሩ ስለሆነ ነው። ቤተሰብ ስለ ደሞዙ ይጠይቃል፤ ስለ ወረቀቱ የሚጠይቅ ግን የለም።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። 3,000 ዶላር ተቀብያለሁ ይላል። ከዚያ ረጅሙ አንቀጽ ይመጣል። ከዛሬ ጀምሮ በመርከቧ፣ በባለቤቷ፣ በአስተዳዳሪዋ፣ በተከራይዋ፣ በቀጣሪ ወኪሏና በኢንሹራንስ ሰጪዋ ላይ፣ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ሕግ፣ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም የሚል ነው። ከታች ለስሙ፣ ለፊርማውና ለምስክሮች ቦታ ተትቷል።

«ኮንትራትህስ?» አልኩት። ስልኩ ውስጥ ነበር፤ ፎቶ አንስቶታል። አሠሪ በሚለው ቦታ የአንድ ድርጅት ስም አለ። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «እንደ ወኪል ብቻ» ይላል። የማን ወኪል እንደሆነ አይናገርም። ገጹን ወደላይ ወደታች አልኩት። የባለቤት ስም የለም።

ወረቀቱንና ስልኩን ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ አየኋቸው። ልጁ ሲቀጠር ባለቤቱ አልተጻፈም። መብቱን ሲለቅ ግን ባለቤትም፣ አስተዳዳሪም፣ ተከራይም፣ ኢንሹራንስም አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል። ይህን ወረቀት ያረቀቀው ሰው ኃላፊነቱ እነማን ላይ እንደሚወድቅ ጠንቅቆ ያውቃል። ጣቱ የተጎዳው ልጅ ግን አያውቅም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

## ካቻቢቴው

ልጁ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቆ፣ ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ሲታክተው የማሪታይም ሥልጠና የገባ ነው። ባሕር ዳር ወይም ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሠልጥነው መርከብ ላይ የወጡ ብዙ ወጣቶች መንገዳቸው ተመሳሳይ ነው። እሱ ሁለተኛ ኮንትራቱ ላይ ነበር፣ የአንዲት የጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ።

ማታውን መርከቧ ወደብ ላይ ነዳጅ ስትሞላ ቆሞ አደረ። ሊነጋ ሲል ጋደም አለ። ብዙም ሳይቆይ ቀሰቀሱት፤ የጄኔሬተሩ ሲሊንደር ክዳን መነሳት ነበረበት። መርከቧ ወደቡን ለቅቃ ባሕር ገብታለች። ብረቱ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሳለ ማዕበሉ ወዘወዘው። ቀኝ እጁን ከቡሎኑ ጋር አጣበቀበት። የመሐል ጣቱ ጫፍ ሄደ። የቀለበት ጣቱ ተርፏል፣ ግን አይታጠፍም።

ካፒቴኑ ደግ ሰው ነበር ይላል። በሚቀጥለው ወደብ አወረዱት፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ትኬት ተቆርጦለት አገሩ ገባ። እናቱ ለዚህ አመስጋኝ ናቸው። «ባሕር ላይ ቢቀርብኝስ ኖሮ?» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ እኔም ምስጋናውን አልነፍግም። ግን ሐኪም ቤት የወሰደህ ሰው መብትህን ፈርመህ እንድትለቅለት መጠየቅ አይችልም።

መሳቢያ ውስጥ ካቻቢቴ ነበረኝ። «እስቲ ይህን ያዘው» አልኩት። ያዘው። ሊያዞረው ሲል መዳፉ ውስጥ ተሽከረከረና ወደቀ። አነሳው። ደግሞ ወደቀ። እናቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«የዚያን ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፣ ጋሼ።»

«መዝገቡ ላይስ?»

ዝም አለ። መዝገቡ ላይ ሙሉ እረፍቱን አግኝቷል። ራሱ ፈርሞበታል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚፈርሙት አለኝ፤ የወሩ መጨረሻ ላይ ተሞልቶ የመጣውን ማጽደቅ ነው።

ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ጄኔቫ ላይ ጸድቆ በነሐሴ 2013 ሥራ ላይ የዋለ ነው። እረፍትን በተመለከተ ግልጽ ያለ ነገር ይናገራል። የሥራ ሰዓትን ሳይሆን የእረፍት ሰዓትን የሚቆጥር አገር በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት እረፍት ማስከበር አለበት። ሠራተኛው በካፒቴኑና በራሱ የተፈረመ የመዝገቡን ቅጂ ማግኘት አለበት። ልጁ ቅጂ ተሰጥቶት አያውቅም። ለወደፊቱ ክርክር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያን ማታ ግን በሌላ ምክንያት ቀለል አለኝ፤ የመርከብ ሕግ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጥፋቱ የማን ነው?» ብሎ አይደለም።

## ሻማ፣ ምግብ፣ አስታማሚ

ይህ በጣም የቆየ ነገር ነው። ኦሌሮን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች፣ በፈረንሳይ ምዕራባዊ ጠረፍ። በመካከለኛው ዘመን የመርከብ ነጋዴዎች ልማድ በስሟ ተሰብስቦ ተጽፏል። አንዱ ድንጋጌ በመርከብ አገልግሎት ላይ ሳለ ስለታመመ መርከበኛ ነው። ካፒቴኑ ከመርከብ አውርዶ ማረፊያ ቤት ያስይዝለት ይላል። የሚበራለት ሻማ ይስጠው። ከመርከቡ ልጆች አንዱን ለማስታመም ይተውለት፣ ካልሆነም ሴት ይቅጠርለት። መርከብ ላይ ይበላ የነበረውን ዓይነት ምግብ ይቅረብለት።

ሻማው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰው ባዕድ አገር፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻውን እንዳይታመም ማሰብ ነው። ይህን የጻፉት ነጋዴዎች ናቸው፤ ገንዘብ የሚቆጥሩ ሰዎች። ግን መርከበኛ የታመመበት ቦታ ቤቱ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል።

የምይዛቸው የፋብሪካ ሠራተኞች ማታ ቤታቸው ይገባሉ። የሚያንገሸግሽ አለቃ ቢገጥማቸው በሩን ዘግተው መውጣት ይችላሉ። ቢታመሙ ክሊኒክ የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። መርከበኛ ይህ ሁሉ የለውም። የሚሠራውም፣ የሚተኛውም፣ የሚበላውም አሠሪው ብረት ላይ ነው። አልሠራም ብሎ የሚወርድበት መሬት የለም። መቼ ሐኪም እንደሚያየው የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ሕጉ ባለቤቱ ላይ ከበድ ያለ ቀንበር የጫነው ለዚህ ይመስለኛል። ሰውን ከየትም መሄድ በማይችልበት ቦታ ካስቀመጥክ፣ ለሚደርስበት ነገር ጥፋተኛ መሆንህ እስኪረጋገጥ መጠበቅ የለብህም።

የ2006ቱ ስምምነትም ይህንኑ ይዞ ቀጥሏል። ሠራተኛው ሥራ ከጀመረበት ቀን አንስቶ አገሩ እስኪመለስ ድረስ በአገልግሎት ላይ ሳለ ለሚደርስበት ጉዳትና ሕመም ወጪው የባለቤቱ ነው። ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ ምግብና ማረፊያው ሁሉ፣ እስኪድን ወይም ጉዳቱ ቋሚ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ። ከመርከብ ከወረደ በኋላም ደሞዙ፣ እንደ አገሩ ሕግ በሙሉ ወይም በከፊል፣ ይቀጥላል። አገሮች ለዚህ ጊዜ ገደብ ማበጀት ይችላሉ፤ ግን ከ16 ሳምንት በታች ማውረድ አይችሉም። ነፃ የሚያወጡ ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። ከአገልግሎት ውጭ የደረሰ ጉዳት፣ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት፣ ሲቀጠር የደበቀው ሕመም ናቸው። ኦሌሮኖችም ሰክሮ ወይም ተደባድቦ የተጎዳውን አይጨምሩም ነበር።

እንግዲህ ለልጁ ይህ ምን ማለት ነው? ደክሞት እንደነበር ሳያረጋግጥ፣ ቺፍ ኢንጂነሩን ሳይከስ፣ ሰንሰለቱ አሮጌ ነበር ሳይል፣ ሕክምናውና ደሞዙ መብቱ ነው። ለቋሚው ጉዳት ደግሞ ኮንትራቱ የሚጠቅሰው የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበርና የአሠሪ ውል፣ በጉዳቱ ደረጃ ካሣ የሚያወጣ ሠንጠረዥ አለው። 3,000 ዶላሩ ከዚህ ሠንጠረዥ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አልታየኝም።

ከሁሉ የጠቀመን እ.ኤ.አ. በ2014 ተጨምሮ በጥር 2017 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ነው። ኮንትራቱ ያስቀመጠው ካሣ በሙሉና ሳይዘገይ ይከፈል ይላል። ከዚያ ያነሰ እንዲቀበል በሠራተኛው ላይ ጫና አይደረግ። የጉዳቱ መጠን ገና ካልታወቀ፣ ሰውየው እንዳይቸገር በመሐል ይከፈለው። የተከፈለውን መቀበሉም ሌላ መብቱን አይነካበት። ይህን ለልጁ ሳነብለት፣ «ታዲያ ይህ ወረቀት ምንድነው?» አለ። መልሱን ያገኘው ራሱ ነው።

## ባለቤቷ ማነው?

መብቱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ጭንቁ ምኑ ላይ ነው? ማን ላይ እንደምትጠይቀው ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። እዚህ ግን አጥሩ ፊት ለፊት ቆሞ ባለቤቱ አይታይም።

አንዲት መርከብ ብዙ ጊዜ አንድ ኩባንያ አላት፤ ከእሷ ሌላ ንብረት የሌለው ኩባንያ። ኩባንያው በአንድ አገር ይመዘገባል፣ መርከቧ የሌላ አገር ባንዲራ ታውለበልባለች። ላይቤሪያ፣ ፓናማና ማርሻል ደሴቶች የዓለምን ትልልቅ መዝገቦች የያዙ አገሮች ናቸው። የሚያስተዳድራት ድርጅት ሦስተኛ አገር ነው፣ ሠራተኛ የሚቀጥርላት አራተኛ፣ የተከራያት አምስተኛ። ሁሉም ሕጋዊ ነው። ሁሉም ግን «እኔ አይደለሁም» የሚልበት በር አለው።

ባለቤት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ሱዌዝ አጠገብ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 አማን የምትባል የባህሬን ባንዲራ ያላት መርከብ ሰነዶቿ ጊዜያቸው ስላለፈ ግብፅ ላይ ታገደች። ዕዳው ሳይከፈል ቀረ። ሌሎቹ ሠራተኞች ቀስ በቀስ ወረዱ። አንድ ሶርያዊ መኮንን ግን ፍርድ ቤት የመርከቧ ሕጋዊ ጠባቂ አድርጎት ስለነበር መውጣት አልቻለም። መብራት የለም። እናቱ የሞቱት እሱ እዚያ ሳለ ነው። በ2020 ማዕበል መርከቧን ወደ ባሕሩ ዳርቻ አስጠጋት። ከዚያ በኋላ ምግብ ለመግዛትና ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ እየዋኘ ይወጣ ነበር። አገሩ የገባው በሚያዝያ 2021 ነው። አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው፣ ምንም ባልሠራው ጥፋት።

ሌላዋ ሮሰስ ናት። እሷን ባያውቃት እንኳ ያደረሰችውን የማያውቅ የለም። በ2013 ከጆርጂያዋ ባቱሚ ወደብ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ጭና ወደ ሞዛምቢክ ተነሳች። ተጨማሪ ጭነት ለመያዝ ቤሩት ጎራ አለች። የወደቡ ተቆጣጣሪዎች ለጉዞ ብቁ አይደለችም ብለው ያዟት። አሠሪያቸው ትቷቸው ጠፋ። ካፒቴኑና ሦስት ሠራተኞች ለወራት መርከቧ ላይ ታገቱ። ጠበቃ ለመቅጠር የመርከቧን ነዳጅ እስከ መሸጥ ደረሱ። እነሱ በ2014 ሲለቀቁ ጭነቱ ወደ ወደቡ መጋዘን ገባ። በነሐሴ 4 ቀን 2020 ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ።

ቤሩትን ሳነሳ የምናስበው አንድ ነገር ነው፣ እህቶቻችንን። ፍንዳታው ከመድረሱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 2020፣ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ እያወረዱ ይሄዱ ነበር። ደሞዝ ሳይከፍሉ፣ ትኬት ሳይቆርጡ፣ አንዳንዶቹ ፓስፖርታቸውን ሳይመልሱ። የመርከበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ነገር አንድ ነው። ሁለቱም የሚኖሩት አሠሪው ቤት ነው፤ አሠሪው ሲተዋቸው ሥራም ማደሪያም አብሮ ይሄዳል። ልዩነቱ ለመርከበኛው ዓለም ተሰብስቦ አንድ መላ ማበጀቱ ነው። ለእህቶቻችን ገና ነው፤ ይህን ስጽፍ ያናድደኛል።

መላው ይህ ነው። ባለቤቱ ከመጥፋቱ በፊት ሌላ ሰው ዋስ ሆኖ ይቁም። ስምምነቱን በተቀበሉ አገሮች ባንዲራ ስር ያሉ መርከቦች ሁለት የገንዘብ ዋስትና ምስክር ወረቀት መያዝ አለባቸው። አንደኛው ባለቤቱ ሠራተኞቹን ትቶ ሲጠፋ ነው፤ መመለሻቸውን፣ ምግባቸውንና እስከ አራት ወር ያልተከፈለ ደሞዝ ይሸፍናል። ባለቤቱ ቢያንስ ለሁለት ወር ደሞዝ ሳይከፍል ከቀረ ሠራተኛው እንደተጣለ ይቆጠራል። ሁለተኛው ለሞትና ለቋሚ የአካል ጉዳት ካሣ ነው። ዋሶቹ በአብዛኛው ፒ ኤንድ አይ ክለብ የሚባሉት የመርከብ ባለቤቶች የጋራ ኢንሹራንሶች ናቸው። እነዚህ ወረቀቶች ደግሞ መርከቧ ላይ፣ ሠራተኛው በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለባቸው። ላያቸው ላይ የዋሱ ስምና አድራሻ አለ። የባለቤቱም ስም አለ።

በነገራችን ላይ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ኮንትራቱ ላይም መጻፍ ነበረበት። ስምምነቱ ያስገድዳል። ሠራተኛው ከመፈረሙ በፊት አንብቦ ምክር የሚጠይቅበት ዕድል እንዲሰጠውም ያስገድዳል። ልጁ ግን የፈረመው በረራው ሊነሳ ሲል፣ ኤርፖርት ላይ ነው። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ግን ይህን ልጅ ያቻኮሉት ሌሎች ናቸው።

## ፎቶው

«ሜስ ውስጥ፣ መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ብዙ ወረቀት አለ፣ ጋሼ። ማን ያነበዋል?»

ስልኩን አወጣና ፎቶዎቹን መፈለግ ጀመረ። የባሕር ፎቶ፣ የራሱ ፎቶ፣ የሞተር ክፍል ፎቶ። እናቱ ቡና ሊያፈሉልን ጓዳ ገብተዋል። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ አያለሁ። ብዙ ቆየን። ከዚያ አንድ ፎቶ ላይ ቆመ።

የልደት ቀን ነው። ፊሊፒናዊው ወጥ ቤት ኬክ ይዞ ይስቃል። ልጁ ከጎኑ ቆሟል፣ ሁለት እጁም ደህና ናቸው። ከኋላቸው የማስታወቂያ ሰሌዳ ይታያል። የምግብ ፕሮግራም፣ የማምለጫ ካርታ፣ ከወጥ ቤቱ ትከሻ በላይ ደግሞ በፕላስቲክ የተሸፈኑ ሁለት ወረቀቶች። አጎላነው። ፊደሎቹ ተንቀጠቀጡ። ብርሃኑ ፕላስቲኩ ላይ አርፎ የአንዱን ግማሽ አጥፍቶታል። ሌላው ግን ይነበባል። የመርከቧ ስም። የምዝገባ ወደቧ፣ ሞንሮቪያ። መለያ ቁጥሯ። የባለቤቱ ኩባንያ ስም። የዋሱ ክለብ ስም፣ ከተማው፣ የኢሜይል አድራሻው የመጨረሻ ፊደሎች።

ልጁ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ራሱ አነበበው። ቀስ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ለወራት በየቀኑ ሦስት ጊዜ ፊቱ እየበላ የነበረ ወረቀት ነው። «እዚህ ነበር እንዴ?» አለ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። ያን ማታ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። ጽሑፉ መኖሩ ብቻ አይበቃም። የታላላቅ ስምምነቶች ጉልበት በመጨረሻ የሚያርፈው ማንም በማያየው ቦታ ነው፣ ከምግብ ፕሮግራሙ አጠገብ የተለጠፈ አንድ ገጽ ላይ። ያን ገጽ ያየ ሰው ባለቤት አለው። ያላየ ሰው የሚያውቀው ወኪሉን ብቻ ነው።

እናቱ ቡናውን ይዘው ሲመጡ ነገርናቸው። ደስ አላላቸውም። «እሺ፣ ከዚያስ? ተናደው ደግመው ባይቀጥሩትስ? እንጀራው ሊዘጋ ነው?» አሉ። ይህን ጥያቄ በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ስንትና ስንት ደንበኛዬ መብቱን አውቆ የተወው በዚህ ፍርሃት ነው። መርከበኞችን በጥቁር መዝገብ እየያዙ ሥራ መከልከል በስምምነቱ የተከለከለ ነው አልኳቸው። እሳቸው ግን እናት ናቸው፤ በወረቀት የተከለከለ ነገር ሁሉ እንደማይቀር ያውቃሉ። ምን እንደምላቸው ጠፋኝ።

መልሱን የሰጠው ልጁ ነው። «እማዬ፣ ካቻቢቴ መያዝ የማይችል ኢንጂነር ማን ይቀጥራል?» አላቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የተናገረ አልነበረም። ወረቀቱን ሳይፈርም አጠፈው።

ለክለቡ የጻፍነው በዚያው ሌሊት ነው። የሕክምና ማስረጃውን፣ ኮንትራቱን፣ ፎቶውን አያያዝን። በነጋታው ወኪሉ ደወለ። ለምን ጠበቃ አስገባህ፣ ቀጣዩን ኮንትራት እያዘጋጀንልህ ነበር አለው። ክለቡ ግን በሳምንቱ መልስ ሰጠ። ጉዳዩን የሚከታተል ሰው ስም ተነገረን። ደሞዙ ይቀጥላል፣ ሕክምናውም እዚህ አዲስ አበባ ይቀጥላል፣ 3,000 ዶላሩም በመሐል የተሰጠ ክፍያ ተደርጎ ይያዛል አሉ። ስለ መልቀቂያው ወረቀት አንድም ቃል አላነሱም።

## ቨርጂኒያ ያለው ወንድም

ልጁ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የሚኖር ታላቅ ወንድም አለው። ሲሰማ ቱግ አለ። «አሜሪካ እንክሰሳቸው፣ እዚህ ሚሊዮን ነው የሚያስከፍሉት» አለኝ በስልክ። የተናገረው ከሜዳ ተነስቶ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1920 የወጣ ጆንስ አክት የሚባል ሕግ አለ። በአሠሪው ቸልተኝነት የተጎዳ መርከበኛ በዳኞች ጉባኤ ፊት ሙሉ ካሣ መጠየቅ ይችላል። ከእሱ ጎን የኦሌሮን ዘር የሆነው እስኪድን የማኖርና የማሳከም ግዴታም አለ።

ግን ለእኛ ልጅ አልሆነም። በ1953 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአንድ ዴንማርካዊ መርከበኛ ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። ኒውዮርክ ላይ ተቀጥሮ ሃቫና ወደብ የተጎዳ ሰው ነው፣ መርከቧም የዴንማርክ ናት። ፍርድ ቤቱ የሚገዛው የባንዲራዋ ሕግ ነው አለ። በ1970 ደግሞ ሌላ መጣ። መርከቧም መርከበኛውም የግሪክ ናቸው፣ ባለቤቱ ግን ኑሮውና ንግዱ አሜሪካ ነው። ያኔ ፍርድ ቤቱ ከባንዲራው ጀርባ ሄዶ ሰውየውን አየ፣ ጆንስ አክትም ይሠራል አለ። የእኛዋ መርከብ ከአሜሪካ ጋር የሚያገናኛት ነገር አላገኘሁም። ለወንድምየው ይህን መንገር ከብዶኝ ነበር።

የገረመኝ ሌላ ነው። የላይቤሪያ መርከቦች መዝገብ የሚተዳደረው ከሞንሮቪያ አይደለም፣ ከሰሜን ቨርጂኒያ ነው። የማርሻል ደሴቶችም እንደዚያው። ከዓለም የጭነት መርከቦች ብዛት ያላቸው ወረቀታቸው ያለው የእኛ ሰዎች እንጀራ ከሚጋግሩበት፣ ታክሲ ከሚነዱበት ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ነው። ላይቤሪያ ደግሞ የ2006ቱን ስምምነት ከሁሉ ቀድማ ያጸደቀች አገር ናት። ስለዚህ ለወንድምየው ሌላ ሥራ ተገኘለት፤ ክለቡ ቢያንገራግር አቤቱታ የሚቀርብበትን አድራሻ አጣርቶ መያዝ።

ስለ አሜሪካ ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ የማይዋጥልኝ ሕግ አለ። በ1851 የወጣ ነው። ባለቤቱ ራሱ ከጥፋቱ እጁ ከሌለበት፣ የሚከፍለው ከጉዞው በኋላ በቀረው የመርከቧ ዋጋና በጭነቱ ገቢ ልክ ይወሰናል። መርከቧ ከሰጠመችስ? የታይታኒክ ባለቤቶች አሜሪካ ፍርድ ቤት ቀርበው ኃላፊነታችን ወደ 92,000 ዶላር ነው ያሉት በዚህ ሕግ ነው። የቀረው የተረፉት ጀልባዎችና የጉዞው ገቢ ብቻ ነዋ። በ2019 ደግሞ ኮንሴፕሽን የምትባል የጠላቂዎች ጀልባ ካሊፎርኒያ አጠገብ ሌሊት ተቃጠለች። ከታች ተኝተው የነበሩ 34 ሰዎች አለቁ። ሌሊቱን የሚዞር ጠባቂ አልነበረም። ባለቤቶቹ ኃላፊነታችን ይገደብ ብለው ፍርድ ቤት የሄዱት በሦስተኛው ቀን ነው። ካፒቴኑ በኋላ ጥፋተኛ ተብሎ አራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ኮንግረስ በ2022 መጨረሻ ሕጉን ለትናንሽ የመንገደኛ ጀልባዎች አሻሻለ። ለቀሩት እንዳለ ነው።

መርከብ መሥራት ገንዘብ የሚያስጠፋ፣ ባለቤቱ ዓመት ሙሉ ወሬዋን በማይሰማበት ዘመን ይህ ምክንያት ነበረው ይሆናል። ዛሬ ግን ባለቤቱ ቢሮው ተቀምጦ መርከቡ የት እንዳለች በስልኩ ያያል። ኢንሹራንስም አለው። ትርፉን ከሩቅ መቆጣጠር ከቻለ ኃላፊነቱንም ከሩቅ መሸከም አያቅተውም።

## ሠንጠረዡ

ይህ ሁሉ መላ የማይደርስላቸው አሉ። ስምምነቱ ዓሣ አስጋሪ መርከቦችን አይመለከትም። በባህላዊ መንገድ የተሠሩ እንደ ዳው ያሉ የእንጨት መርከቦችንም አይመለከትም። በጅቡቲ፣ በበርበራና በየመን ወደቦች መካከል ከብትና ሸቀጥ የሚያመላልሱት ብዙዎቹ እነዚያ ናቸው። የቅርባችን ባሕር ላይ የሚሠራው ሰው ከሩቁ ያነሰ ጥበቃ አለው። ዓሣ አስጋሪዎች በ2007 የወጣ የራሳቸው ስምምነት አላቸው፣ ግን ያጸደቁት አገሮች ጥቂት ናቸው።

የልጁ ጉዳይ አላለቀም። ክለቡ የመረጠው ሐኪም አይቶታል። የጉዳቱን ደረጃ ያወጣው በመሐል ጣቱ መቆረጥ ብቻ ነው። የቀለበት ጣቱ መታጠፍ አለመቻሉን፣ የመጨበጥ አቅሙንም አልቆጠረም። እኛ የወሰድነው የአጥንት ሐኪም ሁለቱንም ቆጥሮ ከፍ ያለ ደረጃ ሰጥቷል። በሠንጠረዡ ላይ ልዩነቱ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። የኅብረት ስምምነቱ ሁለቱ ሐኪሞች ካልተስማሙ ሦስተኛ በጋራ ይመረጥ ይላል፣ የሱም ውሳኔ የመጨረሻ ይሆናል። እነሱ ሁለት ስም ልከዋል። አንዱን አልተቀበልነውም። ስለ ሌላው እያጠያየቅን ነው።